ሲስት የሚያሟሟ ቅጠል አለ?

ሾላ ገበያ፣ ቅዳሜ ረፋድ ነው። ከቅመም ሻጮቹ ረድፍ መጨረሻ ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ትንንሽ ጆንያዎቻቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ተልባ፣ ቀረፋ፣ በጥቅል የታሰረ ጤና አዳም። የአክስቴ ልጅ ከፊታቸው በርከክ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር አልፎታል። አገጯ ላይ ፀጉር እየወጣ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳ "ሲስት አለብሽ" ተብላለች።

ሴትዮዋ አልቸኮሉም። ዕድሜዋን ጠየቋት፤ ሃያ ስድስት። አግብታ እንደሆነ፣ እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ፣ ሲመጣባት ሕመም እንዳለው ጠየቋት። እጇን ያዝ አድርገው "ማህፀንሽ በርዶታል፣ ልጄ። ሙቀት ነው የሚፈልገው" አሉ። አብሽና ጥቁር አዝሙድ መዘኑ። ከጉያቸው ደግሞ ስሙን ያልነገሩንን ቡናማ ዱቄት አወጡና በወረቀት ጠቀለሉት። "በማር እያደረግሽ ጠዋት በባዶ ሆድ። አርባ ቀን ሳይሞላ ያሟሟዋል።"

ወደ ታክሲው ስንሄድ የአክስቴ ልጅ ዱቄቱን በቦርሳዋ ውስጥ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር። "ሐኪሙ አምስት ደቂቃ እንኳን አላየኝም" አለችኝ። "ልጅ ስትፈልጊ ነይ ብሎ ሸኘኝ። እሳቸው ግን ሰሙኝ።"

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ቅጠሉ በእርግጥ ይረዳል ወይ? ይህ ዘገባ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው።

"ሲስት" የሚለው ስም ያመጣው ጣጣ

የሕመሙ ሙሉ ስም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ነው፤ በአጭሩ ፒሲኦኤስ ይሉታል። እንቁልጢ የሚባለው የሴቷ የእንቁላል ማምረቻ በአልትራሳውንድ ሲታይ በርካታ ጥቃቅን፣ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያሉበት ስለሚመስል የተሰጠ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በቺካጎ ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የወር አበባቸው የተቋረጠና እንቁልጢያቸው ያበጠ ሰባት ሴቶችን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። ሕመሙ ለረጅም ጊዜ በሁለቱ ስም ይጠራ ነበር።

እነዚያ ከረጢቶች ግን በትክክለኛ ትርጉማቸው ሲስት አይደሉም። እያንዳንዳቸው እንቁላል የያዙ፣ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳሉ። በጤነኛ ወር ከመካከላቸው አንዱ አድጎ፣ ፈንድቶ፣ እንቁላሉን ይለቃል፤ ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት ግን ብዙዎቹ ይጀምሩና አንዱም ሳይጨርስ ይቀራል። ስለዚህ "ሲስት ያሟሟል" የሚባል መድኃኒት ቅጠልም ይሁን ክኒን የሚያሟሟው ነገር የለም። ጥያቄው ከረጢቶቹ ለምን ቆሙ የሚለው ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማህፀን ርቆ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ፣ ከምግብ ያገኘነውን ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው በርካታ ሴቶች ጡንቻ የኢንሱሊንን ጥሪ ቶሎ አይሰማም። ቆሽትም ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አብዝቶ ያመነጫል። ጡንቻ ቢደነቁርም እንቁልጢ ግን አልደነቆረችም። ያንን ጩኸት በሙሉ ትሰማለች፤ ስትሰማም የወንድ ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮንን ከልክ በላይ ታመርታለች። ጉበት ደግሞ ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የአገጭ ፀጉሩ፣ ብጉሩ፣ የራስ ፀጉር መሳሳቱ፣ እንቁላል ሳይለቀቅ የሚያልፈው ወር፣ ሁሉም ከዚህ ሰንሰለት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዘርም ድርሻ አለው፤ እናትና እህት ላይ መታየቱ የተለመደ ነው።

ብርድ የገባው ማህፀን የለም ማለት ነው። ሴትዮዋ ግን የተሳሳቱት በምክንያቱ እንጂ በምልክቱ አይደለም። የወር አበባ መቅረት ቸል የማይባል ነገር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ይህ ሕመም እንዳለባቸውና እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው እንኳን እንደማያውቁ ይናገራል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕቁቡ፣ በየማኅበሩ ከተሰበሰቡት ሴቶች ከአሥሯ ምናልባት አንዷ ማለት ነው።

ከአበባ የተነሳው ክኒን

ቅጠልና ሐኪም ጠላት ናቸው ብሎ ለሚያምን ሰው ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ታሪክ መንገር እወዳለሁ። ሜትፎርሚን ዛሬ በዓለም ላይ ለስኳር ሕመም በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለፒሲኦኤስም የኢንሱሊኑን ጩኸት ለማብረድ ይሰጣል። የዘር ሐረጉ ግን የሚመዘዘው ከአንድ የሜዳ ተክል ነው።

ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የሚባል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል በአውሮፓ የባህል ሕክምና ለዘመናት ሲያገለግል ኖሯል። ሳይንቲስቶች ሲመረምሩት በውስጡ ጋሌጂን የተባለ፣ የደም ስኳርን የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙ። ጋሌጂን ግን መርዛማ ነበር፤ ለሰው በሰላም የሚሰጥ አልሆነም። የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ግን የተሻሉ ውህዶችን ፍለጋ ገቡ። ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን ተሠራ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ተረሳ። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 በስኳር ሕሙማን ላይ የሞከረበትን ውጤት ሲያሳትም ነው ወደ ሐኪም ቤት የገባው። ለፒሲኦኤስ መሞከር የጀመረው ደግሞ በ1990ዎቹ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ያገር አዋቂዎቹ ተክሉ ኃይል አለው ሲሉ አልተሳሳቱም። ሁለተኛው፣ ከተክሉ ወደ ክኒኑ ያለው መንገድ ዘጠኝ ጊዜ ለክቶ አንዴ የመቁረጥ መንገድ ነበር። የትኛው ንጥረ ነገር ነው? በስንት መጠን? የሚጎዳው መቼ ነው? ጋሌጋ እነዚህን ጥያቄዎች ሲመልስ መርዙ ተለይቶ ቀረ፣ ጥቅሙ ተረፈ።

ናና፣ ቀረፋ፣ አብሽ

ታዲያ በእኛ ማድቤት ያሉት ቅመሞች እነዚህን ጥያቄዎች ተጠይቀዋል? ጥቂቶቹ ተጠይቀዋል፤ መልሱ ተስፋም ጥንቃቄም ያዘለ ነው።

ናናን እንውሰድ። በቱርክ ኢስፓርታ በተባለ ግዛት የናና ሻይ የሚያበዙ ወንዶች የወሲብ ፍላጎታቸው እንደቀነሰ መናገራቸው ተመራማሪዎችን አነቃ። ናና የወንድ ሆርሞንን የሚቀንስ ከሆነ ሆርሞኑ የበዛባቸውን ሴቶች ይረዳ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የመጀመሪያ ሙከራ 21 ሴቶችን ለአምስት ቀን ናና አጠጥቶ ነጻ ቴስቶስትሮናቸው መቀነሱን አየ። በ2010 የታተመው ሌላ ጥናት 42 ሴቶችን ለ30 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ የናና ሻይ ወይም ለማነጻጸሪያ የተመረጠ ሌላ ሻይ አጠጣ። ናና በጠጡት ላይ ሆርሞኑ ቀነሰ፤ ሴቶቹም ፀጉራቸው የተሻለ መሰላቸው። ሐኪሞቹ ፀጉሩን በመለኪያቸው ሲመዝኑት ግን ለውጥ አላገኙም። ይህ አያስገርምም። የፀጉር ሥር ዑደቱን የሚጨርሰው በወራት እንጂ በ30 ቀን አይደለም። ናና ተስፋ ሰጪ ሻይ ነው፤ በረጅምና በትልቅ ጥናት ግን ገና አልተመሰከረለትም።

ቀረፋ። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 45 ሴቶችን በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ቡድን በቀን አንድ ግራም ተኩል ቀረፋ፣ ለሌላው ምንም የሌለበት ማስመሰያ ለስድስት ወር ሰጠ። ቀረፋ የወሰዱት የወር አበባቸው ይበልጥ አዘወተረ። ነገር ግን ኢንሱሊናቸውና የወንድ ሆርሞናቸው ላይ ለውጥ አልታየም፤ ብዙዎቹም ጥናቱን ሳይጨርሱ ወጡ። በጎ ምልክት ነው፤ ፍርድ ግን አይሰጥበትም።

አብሽ ለእኛ የቤት ሰው ነው። ከእርሾ እስከ እልበት፣ ከወላድ አልጋ እስከ ጨጓራ ሕመም ድረስ የማንጠራበት ጊዜ የለም። የደም ስኳርን እንደሚቀንስ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ ለ50 ፒሲኦኤስ ላለባቸው ሴቶች ከአብሽ ፍሬ የተነጠረ ውህድ ለ90 ቀን ሰጥቶ ከግማሽ በታች በሆኑት ላይ ከረጢቶቹ በመጠን መቀነሳቸውን ዘገበ። ጉድለቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አለመኖሩ ነው። አብሽ ባይወስዱስ ምን ይሆኑ ነበር? ጥናቱ አይነግረንም።

የቻይና የባህል ሕክምናም ለዚህ ሕመም የሚሰጣቸው በርካታ የዕፅዋት ቅልቅሎች አሉት። ኮክሬን በመባል የሚታወቀው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ስብስብ እነዚህን መርምሮ፣ ልጅ ለማግኘት ይረዳሉ ወይም አይረዱም ለማለት ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል።

"እኔን ረድቶኛል" የሚለው ምስክርነት

የአክስቴ ልጅ ቡናማውን ዱቄት በማር መውሰድ በጀመረች በሃያ ሁለተኛው ቀን የወር አበባዋ መጣ። ደወለችልኝና በስልክ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። ቀጣዩ ወር ግን አለፈ። የሚቀጥለውም።

ይህ የብዙ ሴቶች ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም አለው። በፒሲኦኤስ የወር አበባ ይቀራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ሁለት ወር ቆይቶ ይመጣል፣ አራት ወር ይቀራል፣ እንደገና ይመጣል። አንዳንዷ ያለ ምንም ሕክምና እንቁላል ለቅቃ ታረግዛለች። ሰው ደግሞ መድኃኒት የሚፈልገው በጣም በጨነቀው ሰዓት፣ የቀረው ነገር ከመጠን ባለፈበት ወር ነው። በዚያ ወር ጠበል ብትጠመቅ፣ ቅጠል ብትጠጣ፣ ወይም ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ ሊመጣ የነበረው ሲመጣ ምስጋናው በእጇ ላይ ላለው ነገር ይሰጣል። ማንም አልዋሸም። ሻጯም አልዋሹም፤ "አገኘሁ" ብላ የተመለሰችውን ሴት እንጂ ያልተመለሰችውን አያዩም።

ጥናት የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምስክርነት የተሳካላትን ሴት ብቻ ያሳየናል። ጥናት ያልተሳካላትንም ይቆጥራል።

"ተፈጥሮ ነውና አይጎዳም"

አባቶቻችን ይህንን አይሉም ነበር። ኮሶ የጠጣ ትውልድ መድኃኒት መጠን እንዳለው በሆዱ ያውቃል። ልኩን ያለፈ ኮሶ እንደሚያደክም፣ እንደሚያሳምም፣ እንደሚገድልም ይነገር ነበር።

ዛሬ በየመንደሩ "ለሲስት" ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በእርግጥም ኃይለኛ ናቸው። ጤና አዳም በቡና ላይ ለሽታ ሲጣል ሌላ፣ በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ ሌላ ነው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ወሯ ሲቀር ለምዳዋለችና ማርገዟን ላታውቅ ትችላለች። በሱቅ በብዛት የሚገኘው ካሲያ የሚባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በወጥና በሻይ አይጎዳም፣ በየቀኑ በማንኪያ ሲወሰድ ግን ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። አብሽ በምግብ መጠን ባልንጀራ ነው፤ በብዛት ሲወሰድ ግን የስኳር መድኃኒትን ኃይል ሊያበረታና የደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል። እርጉዝ ሴት በመድኃኒት መጠን እንድትወስደው አይመከርም።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ስም የሌለው ዱቄት ነው። በተለያዩ አገሮች የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች "መቶ በመቶ ዕፅዋት" ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ስቴሮይድን ጨምሮ ያልተገለጹ የፋብሪካ መድኃኒቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለች እህት በመንገደኛ ሻንጣ የሚላከው ፌስታልም ከዚህ ነጻ ነው ብሎ የሚምል ማን ነው? እዚያ ያለው ሐኪም ጉበቷ ሲታመም ምን እንደጠጣች ቢጠይቃት ስሙን አታውቀውም።

ሳይነገረን የቀረው

የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ወር ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ወረቀቷን ካየች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው "ምን ምን እየወሰድሽ ነው? ከቤትም ከገበያም" የሚል ነበር። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የወረቀት ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም።

ሐኪሟ ፒሲኦኤስ በአልትራሳውንድ ብቻ እንደማይበየን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም የተስማሙበት መመዘኛ ሦስት ምልክቶችን ይጠቅሳል፤ የተዛባ የወር አበባ፣ በደም ወይም በሰውነት ላይ የሚታይ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ እና በአልትራሳውንድ የሚታየው የእንቁልጢ መልክ። ከሦስቱ ሁለቱ መገኘት አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን ይህንን የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች፣ በተለይ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛት በደም ምርመራ መገለል አለባቸው።

ቀጥሎ የነገረችን የመጀመሪያው ሐኪም "ልጅ ስትፈልጊ ነይ" ሲል የዘለለውን ነው። እንቁላል ሳይለቀቅ ወራት ሲያልፉ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ለዓመታት ሲቆይ በግድግዳው ላይ ካንሰር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ መቅረት ልጅ ብትፈልግም ባትፈልግም ሕክምና ይሻል። ሕመሙ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጭንቀትና ለድብርትም ያጋልጣል። ጉዳዩ የመውለድ ብቻ አይደለም፤ የሴቲቱ የራሷ ዕድሜ ነው።

መውለድ ለሚፈልጉትም በሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ 750 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ሌትሮዞል የተባለው እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ ክኒን ከተሰጣቸው 27.5 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ያለ ልጅ መውለዳቸውን፣ ቀድሞ ይሰጥ በነበረው ክሎሚፊን ደግሞ 19.1 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። "መካን ነሽ" ተብላ የተሸኘች ሴት ይህንን ቁጥር የማወቅ መብት አላት።

ሐኪሟ ወሩን የሚያመጣ መድኃኒትና ሜትፎርሚን አዘዘች። በየቀኑ ፈጠን ብሎ መራመድን፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ መቀነስን፣ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ጤፍ ማብዛትን መከረች። ክብደት ለበዛባቸው ሴቶች ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ መቀነስ እንኳን ወሩን ሊመልስ እንደሚችል አስረዳች። ስለ አብሹ "በምግብሽ ብዪው፣ እንደ መድኃኒት አትቁጠሪው" አለች። ቡናማውን ዱቄት ግን "ስሙን እስክናውቅ ድረስ ይቅር" ብላ መለሰችላት። ከክፍሉ ስንወጣ ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይተናል። እስከዚያን ቀን ድረስ በዚህ ጉዳይ ይህንን ያህል የሰሟት ሾላ ያሉት እናት ብቻ ነበሩ።

የእንዶዱ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሲሄዱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። አክሊሉ ያዩትን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት፤ ለኩት፣ መጠኑን አወቁ፣ በመስክ ሞከሩት። ከባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእናቶቻችን እንዶድ የተከበረው ስለተለካ ነው።

ለሴቶቻችን ሕመምም ይህ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የምርምር ተቋሞቻችን የእናቶችን እውቀት መዝግበው፣ ከማነጻጸሪያ ቡድን ጋር፣ በበቂ ቁጥርና ጊዜ ይፈትኑት። ያለፈው ይከበር፤ የወደቀው ይነገር። ሐኪሞቻችንም "ምን እየወሰድሽ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ያለ ቁጣ ይጠይቁ። ሴት የጠጣችውን የምትደብቀው ስትፈራ ነው፤ የተደበቀ መድኃኒት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

አንቺ ይህንን የምታነቢ እህቴ፣ ወርሽ ሦስት ወር ከቀረ አትጠብቂ። ናናሽን ጠጪ፣ አብሽሽን ብዪ፤ ስሙና መጠኑ ያልታወቀውን ግን ወደ አፍሽ አታስገቢ። ወደ ሐኪም ስትሄጂ የምትወስጂውን ሁሉ በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ጠረጴዛው ላይ አውጪው። አንዱ ሐኪም ካልሰማሽ ወደ ሌላ ሂጂ።